የጎንደር አየር ክብደት

ባለፈው ማክሰኞ ደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። አዲሱ መሣሪያ ባትሪ ጨርሶ ኖሮ ነርሷ ከመሳቢያ ውስጥ የድሮውን፣ ረጅም የመስታወት ቱቦ ያለውን አወጣችና ክንዴን ጠምጥማ ጎማውን ትጨምቅ ጀመር። ባዜቃው በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ አየሁት። ሜርኩሪ የሚባለውን ማለቴ ነው፤ የጎንደር አንጥረኞች ግን ከጥንት ጀምሮ ባዜቃ ይሉታል፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። «እማማ፣ አይንቀሳቀሱ እንጂ! ምነው አንገትዎን አሰገጉ?» አለችኝ። ቁጥሩን ራሴ ላነበው ፈልጌ ነው። ያንን ዓምድ የሚያነብ ሰው ዓይኑን ከአናቱ ጋር ትክክል ማድረግ አለበት፤ እሷ ቆማ ከላይ ወደ ታች ስለምታየው ሁለት መስመር ትስታለች። ነገርኳት። ደስ አላላትም። «መቶ ስድሳ ነው። የተናደዱበት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልተናደድኩም። ባዜቃው ሲወጣ ሳየው የአንዲት ልጅ ጫማ ትዝ ብሎኝ ነው።

ጫማው ጥቁር ነበር፤ በእግር ጀርባ ላይ የሚያልፍ ቀጭን ማሰሪያና የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ቁልፍ ነበረው። ፒያሳ ከአንድ የመን አረብ ሱቅ መስኮት ላይ ወር ሙሉ ከርሟል። ዋጋው ስድስት ብር ከስሙኒ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ቁስቋም ከአክስቴ ቤት ተነሥቼ፣ ቀሃን ተሻግሬ ትምህርት ቤት ስሄድ ሁልጊዜ በዚያ መስኮት በኩል ነበር የማልፈው፤ መንገዱ ሁለት መቶ እርምጃ ይረዝምብኝ ነበር፣ ቢሆንም። አንድ ቀን ከመስኮቱ ጠፋ። ሰኞ ጧት የክፍል ጓደኛዬ መንበረ እግር ላይ አገኘሁት፣ ከነጭ ካልሲ ጋር። እኔ የምጫማው ሸራ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአመድ አጥቤ በፀሐይ አደርቀዋለሁ፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ እሱው ነው። ያኔ ደብተር በዐሥራ አምስት ሳንቲም ይገኝ ነበር፤ ጣሊያኖቹ ትተውት ከሄዱት ፎርኖ የወጣ ትኩስ ዳቦ በአምስት ሳንቲም። ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፣ ነገር ግን ግንቡም፣ መንገዱም፣ ማኪናውም ገና በእነሱ ስም ይጠራል። ከዚያ ከጥግ ክቡ ቡና ቤት ሸክላ ይዘፍናል፤ እኛ ሴቶች ልጆች ቆመን መስማት ነውር ስለሆነ የጫማችንን ማሰሪያ የምናስር መስለን ጎንበስ እንላለን። የእኔ ሸራ ማሰሪያ ስላለው ይመቸኝ ነበር። የመንበረ ጫማ የሚታሰር ክር የለውም። እሷ ግን ማስመሰል አያስፈልጋትም፤ ቆማ ትሰማለች፣ ዘፈኑንም ክፍል ድረስ ይዛው ትመጣለች፤ የሚቆጣትም የለም። ይኼ ራሱ ያስቀናኝ ነበር።

መንበረ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ልጅ ናት። እሷ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ፣ እኔ ሃያ፤ ሁለታችንም ዐሥረኛ ክፍል ነበርን። ለምን እንደዘገየሁ ልናገር። የተወለድኩት ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ፊደልን የቆጠርኩት የኔታ ወንዶቹን ሲያስተምሩ ከአጥሩ ውጭ ተልባ እያበጠርኩ ነበር፤ ዳዊቱንም ግማሹን እንዲያ በጆሮዬ ያዝኩት። አባቴ ሲሞት አክስቴ ወደ ቁስቋም አመጣችኝና በዐሥራ ሦስት ዓመቴ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ በላይ ይወጣ ነበር። ሁለት ጊዜ ክፍል አዘለሉኝ፤ ያም ሆኖ ዐሥረኛ ክፍል ስደርስ ከልጆቹ ሁሉ በዕድሜ በላይ ነበርኩ። መንበረ «እትዬ አስካለ» ትለኛለች። አክብሮት ነው እንዳይባል ትስቃለች፤ ስድብ ነው እንዳይባል ብርቱካኗን ገምሳ ትሰጠኛለች። ብርቱካኑን እበላለሁ፤ ሲጣፍጠኝ ደግሞ የበለጠ እናደዳለሁ።

የሳይንስ መምህራችን ሚስተር ቫርጊስ የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ። ስማቸው በአገራቸው ጊዮርጊስ ማለት እንደሆነ አንድ ቀን ስለነገሩን፣ ገበያ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ «አያ ጊዮርጊስ፣ እንዴት አደሩ» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። ከባሕር ጠረፍ የመጡ ሰው ናቸው፤ የጎንደር ብርድ አጥንታቸው ድረስ ስለሚገባ ክፍል ውስጥ ካፖርታቸውን አያወልቁም። እንደ ከዘራ እጀታ የታጠፈ አንድ የመስታወት ቱቦ ነበራቸው፤ አጭሩ ክንዱ ጫፉ ድፍን፣ ረጅሙ ክፍት። በጥጥ ጠቅልለው ነበር የሚያስቀምጡት። ከክፍቱ በኩል ባዜቃ ሲፈስ፣ በአጭሩ ክንድ የታፈነው አየር መውጫ ስለሌለው ይጨመቃል። ሕጉ ይህ ነው፦ የታፈነ አየር ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ ጭነቱ በእጥፍ ቢጨምርበት ስፍራው በግማሽ ይቀንሳል፤ ጭነቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ስፍራው ሲሶ ይሆናል። ጭነቱንና ስፍራውን ብናባዛቸው ምንጊዜም የሚመጣው ያው አንድ ቁጥር ነው። ሚስተር ቫርጊስ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። «ምንጊዜም!» ይላሉ ጣታቸውን አንሥተው፣ እንደ ቅዳሴ።

ጭነቱን ለማግኘት የባዜቃውን ከፍታ በማስመሪያ ለክተን፣ በላዩ ላይ የዓለሙን አየር ክብደት መደመር አለብን፤ ከክፍቱ አፍ በላይ ያለው ሰማይም ይጫናልና። «እሱ ስንት ነው?» አልናቸው። መጽሐፉን ገልጠው አሳዩን፦ ሰባ ስድስት ሴንቲሜትር ባዜቃ ያህል። በአገራቸው ሲማሩም ሰባ ስድስት፣ ሲያስተምሩም ሰባ ስድስት ነበር። የአየር መለኪያ መሣሪያ ትምህርት ቤቱ አልነበረውም፤ ታዝዞ በመንገድ ተሰብሯል ይባል ነበር።

ያን ሰኞ ተራ በተራ ለካን። ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን እኔ ግማሽ ቀን ፈጀሁበት። ባዜቃው በፈሰሰ ቁጥር የታመቀው አየር ይሞቃልና እስኪበርድ ጠብቄ፣ ቱቦውን በእጄ ሳልነካ፣ ዓይኔን ከዓምዱ አናት ጋር አስተካክዬ አነበብኩ። አየሩ መጀመሪያ ሃያ አራት ሴንቲሜትር ነበር፤ እየጨመቅኩ ሃያ፣ ዐሥራ ስድስት፣ በመጨረሻ ግማሹ ላይ፣ ዐሥራ ሁለት አደረስኩት። ሰባ ስድስት እየደመርኩ ሳባዛ ቁጥሬ አንድ አልሆን አለ። ሺህ ስምንት መቶ ሃያ አራት ብሎ ጀመረና እንደ ደረጃ እየወረደ ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ላይ አረፈ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ደረጃ ነው። መንበረ በአንድ ሰዓት ጨርሳ ደብተሯን ሰጠች፤ አራቱም መልሶቿ ሺህ ስምንት መቶ ሃያ አራት ናቸው። ሚስተር ቫርጊስ የእሷን ሰሌዳ ላይ ጽፈው አጨበጨቡ። የእኔን አይተው «ትጉህ ነሽ» አሉኝ። ለታማሚ እንደሚባለው ያለ ነው። ቁጥሯን አየሁት። የመጀመሪያው ልኬት ብቻ እውነት ነበር፤ የቀሩት ከመጽሐፉ ወደ ኋላ እየተሰሉ የተሞሉ ናቸው። የሰው እጅና ዓይን የለካው ቁጥር እንዲያ አይለሰልስም። ማወቄ ግን ምን ያደርግልኛል? ያጨበጨቡት ለእሷ ነው።

ጭብጨባው ብቻ ቢሆን ኖሮ ታግሼው ነበር። ዓርብ ከአዲስ አበባ ኢንስፔክተር ሊመጡ ነው፤ ለመምህራን ማሠልጠኛ ከእኛ ክፍል ከሴቶች አንዲት ብቻ ይመርጣሉ ተብሏል። ሚስተር ቫርጊስ «ሙከራውን መንበረ ታሳያለች። አስካለ ዓይኗ ጥሩ ነው፣ ማስመሪያውን ታነብላታለች» አሉ። እኔን አጫፋሪ ማለት ነው። ወንድሜ አያ ፈንቴ ደግሞ አስቀድሞ ቃሉን ሰጥቶኛል፤ ዘንድሮ ወደ አንድ የተሻለ ነገር ካልተሻገርኩ ድብ ባሕር የሚኖር ሚስቱ የሞተችበት አንድ እህል ነጋዴ አለ፣ ሰርጉ ለጥር ነው። «ሸጋ ሰው ነው፣ ሁለት በቅሎ አለው» ብሎኝ ነበር። የበቅሎዎቹን ስም ሳይቀር ነግሮኛል፤ የሰውየውን ስም ግን ሦስት ጊዜ ጠይቄ ነው ያገኘሁት። መንበረ ብትቀር አባቷ ቤት ትኖራለች። እኔ ብቀር ድብ ባሕር ነኝ።

ረቡዕ ጧት አያ ፈንቴ በጭነት ማኪና ከአምባ ጊዮርጊስ መጣ፣ ሦስት አዳዲስ ስልቻ ይዞ። በእኛ አገር ስልቻ የሚሸጥ ሰው ቆዳው ቀዳዳ እንደሌለው ለማሳየት በአፉ ነፍቶ፣ አፉን በጠፍር አጥብቆ አስሮ ነው ገበያ የሚያወጣው፤ ገዢው መትቶት እንደ ከበሮ ካልጮኸ አይገዛም። አክስቴ ግቢ ሲያወርዳቸው ሦስቱም ስልቻ ሆዳቸው ተሸብሽቧል። ሾፌሩን ሊገድለው ደረሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገህ ነው እቃዬን ያበላሸኸው? ጤፍ ጭነህበታል!»

«ኧረ አያ፣ ጤፉ ከኋላ ነው። እርስዎ ራስዎ ከጎናቸው ተቀምጠው አይደል የመጡት?»

«ታዲያ ትንፋሹ የት ሄደ? ጧት እኮ ብትመታው አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ይሰማ ነበር!»

«አምባ ጊዮርጊስ ሆነው መትተውት አምባ ጊዮርጊስ ቢሰማ ምን ይገርማል?» አለ ሾፌሩ፣ ሞተሩንም አስነሥቶ ሄደ።

አክስቴ ከሣቋ ጋር እየታገለች ገባች። አያ ፈንቴ እያጉተመተመ ጠፍሩን ሊፈታ ሲል እጁን ያዝኩት። «ቆይ፣ አትፍታው» አልኩት። አንዱን ስልቻ እንደታሰረ ወስጄ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ደፈቅኩት። አንድም አረፋ አልወጣም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። አየሩ ውስጥ ነው ያለው፤ የሄደ ነገር የለም፤ ያነሰው ስፍራው ነው። ብርዱ ነው እንዳልል ጎንደር ከአምባ ጊዮርጊስ ይሞቃል፤ በሙቀት ቢሆን መነፋት እንጂ መሸብሸብ አልነበረበትም። እንግዲህ ከውጭ የሚጫነው ነው የጨመረው። ደጋው ላይ ያለው አየር ቀላል ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ ከበላይ ያለው ይበዛል፣ ይከብዳል። የጎንደር አየር ከአምባ ጊዮርጊሱ ይህን ያህል ከከበደ፣ ከጎንደር እስከ ባሕሩ ድረስ ስንት ቁልቁለት አለ? ሰባ ስድስት የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው! መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ቁስቋም አልወጡም።

እጄ እርጥብ እንደሆነ ደብተሬን ገለጥኩ። አየሩ በግማሽ የቀነሰው የስንት ሴንቲሜትር ባዜቃ ስጨምርበት ነበር? ሃምሳ ዘጠኝ። ሦስቱንም ጊዜ ሃምሳ ዘጠኝ። በግማሽ ከቀነሰ ጭነቱ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው፤ እጥፍ ከሆነ የጨመርኩት ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የጎንደር ሰማይ የሚመዝነው ሃምሳ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ባዜቃ ነው። በሰባ ስድስት ፈንታ ሃምሳ ዘጠኝ እየደመርኩ አባዛሁ፤ አራቱም መስመር ሺህ አራት መቶ ዐሥራ ስድስት። ምንጊዜም! ደብተሬ ላይ «ረቡዕ፤ የጎንደር አየር ፶፱» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። አያ ፈንቴ «አገኘሽው እንዴ ሌባውን?» አለኝ። «አገኘሁት፤ ሌባ የለም። ደግመህ ንፋቸውና ሽጣቸው» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ጧት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ያደረግኩት ከደስታው ነው የመጣው።

ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስተር ቫርጊስ መንገር ይገባኝ ነበር፤ ካፖርታቸውን ተከናንበው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ነበር፣ በበሩ በኩል ሁለት ጊዜ አለፍኩ። ሐሙስ ደግሞ የባሰው መጣ። መንበረ ከትምህርት በኋላ ከግንቡ አጥር ሥር አገኘችኝ። ብርቱካን አልያዘችም፤ ዓይኗም ቀልቶ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ያንቺ ቁጥር ለምንድነው የሚወርደው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አይ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ ስትለኪ ትንፋሽሽን ትይዢያለሽ። እኔ አንዴ ለክቼ... ተይው። ነገ በፊታቸው ሲፈስ የሰኞው ካልመጣስ? ዛሬ አብረን እንሞክረው፣ ቁልፉን ከሚስተር እጠይቃለሁ።»

«አንቺ የመጽሐፉን ቁጥር ነው ያገኘሽው፤ ምን አስጨነቀሽ?» አልኳት።

ለአፍታ አየችኝ። «እሺ» ብላ ሄደች። ጫማዋን ሳየው ነጯ ቁልፍ ተቆርጣ በክር ታስራ ነበር፤ ልቤ አልራራም። አሁን ላይ ሆኜ ስመዝነው የድብ ባሕሩ ሰውዬ አስፈርቶኝ ነው ብል ይቀልለኛል። ፍርሃቱም ነበረበት። ግን ልኩን ልናገር ካልኩ፣ ፍርሃቱ ባይኖርም ያንኑ አደርግ ነበር። አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ ስትወድቅ ላያት ፈልጌ ነበር።

ዓርብ ኢንስፔክተሩ መጡ፤ ወፍራም፣ ቡናማ ሱፍ የለበሱ፣ የሰንሰለት ሰዓት ያላቸው። ከፊት ተቀመጡ። ሚስተር ቫርጊስ ቱቦውን አቁመው ወደ ጎን ሸሹ፤ ለእሳቸውም ቀኑ ከባድ እንደነበረ ያስታውቃል። መንበረ ሕጉን ተናገረች፣ ቆንጆ አድርጋ፣ እጇን እያንቀሳቀሰች። እኔ ማስመሪያውን ይዤ ጎንበስ ብያለሁ። «አሁን አየሩ በግማሽ እስኪቀንስ ባዜቃ እጨምራለሁ፤ ያን ጊዜ ከፍታው ሰባ ስድስት ይሆናል» አለች። ጨመረች። ዐሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ አቆመች። እንዲበርድ ጠበቅን።

«አንብቢ» አሉኝ ኢንስፔክተሩ።

«ሃምሳ ዘጠኝ» አልኩ። ድምፄ ሳልፈልግ ጮኸ።

«ምን?»

«ሃምሳ ዘጠኝ፣ ጌታዬ።»

ሚስተር ቫርጊስ ግንባራቸውን ያዙ። ኢንስፔክተሩ ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መለሱ። «የተሳሳተው ማነው? መስታወቱ ነው ወይስ ልጆቹ?» አሉ። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። መንበረ ወደ እኔ መጣች፣ አጠገቤ ጎንበስ አለች፣ ዓይኗን ከዓምዱ አናት ጋር ትክክል አደረገች፤ ከእኔ አይታ የተማረችው ይመስለኛል። ፊቷ ዐመድ መሰለ፣ ከዚያ ቀላ። ቀና ብላም እንዲህ አለች፦

«ልክ ናት። ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ሰኞ የጻፍኩት ነው ውሸቱ። አንዴ ለክቼ አልመጣ ሲለኝ ከመጽሐፉ አስልቼ ሞላሁት።» ቀጥላም ሳቀች። እንባዋ እየወረደ፣ ልክ ሸክም አውርዳ እንዳረፈች ሴት ሳቀች።

የፈለግኩት ሆነ ማለት ነው። ወደቀች። ግን እንደዚያ ትወድቃለች ብዬ አልገመትኩም፤ እንደዚያ የሚወደቅ መሆኑንም አላውቅም ነበር። ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆናል። እኔ ግን ማስመሪያውን አስቀመጥኩና ተናገርኩ፤ የአምባ ጊዮርጊስን ስልቻ፣ ቁልቁለቱን፣ የባሕሩን ሰባ ስድስት፣ የጎንደርን ሃምሳ ዘጠኝ፤ በሰሌዳውም ላይ አራቱን ማባዣ ጻፍኩ፣ አራት ጊዜ ሺህ አራት መቶ ዐሥራ ስድስት። ሚስተር ቫርጊስ ካፖርታቸውን አወለቁ። ዓመቱን ሙሉ ያን ቀን ብቻ ነው ሲያወልቁ ያየናቸው። ኢንስፔክተሩ መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አዩና፦

«ይህ መቼ ነው የገባሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ረቡዕ ብል «ታዲያ ለጓደኛሽ ለምን አልነገርሽም» ይመጣል። ዓይኔ የመንበረ ፊት ላይ አረፈ። «አሁን፣ ጌታዬ። ማስመሪያውን ሳነብ» አልኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሳምንት፣ ሳልለካ የተናገርኩት ነገር እሱ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ለማሠልጠኛው ስሜ ተጠራ። አያ ፈንቴ ለሰውየው ሌላ ሴት ፈለገለት። አዲስ አበባ ተማርኩ፤ ከዚያም በየአውራጃው ሳስተምር ሠላሳ አራት ዓመት አለፈኝ። በየዓመቱ ያን ሕግ ሳስተምር መጀመሪያ የቦታውን ከፍታ አስጠይቃለሁ። ተማሪዎቼ ጥብቅ ናት ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። መንበረ ጎንደር ቀረች። ለዕረፍት ስመጣ ወሬዋን እሰማለሁ፤ አንድ የባንክ ሠራተኛ አገባች፣ ፒያሳ የሙሽራ ልብስ መስፊያ ከፈተች፣ አራት ልጅ ወለደች፤ ትልቅ ሰው ሆና የማታ ትምህርት ጨረሰች። ቀናሁ። ያሸነፈ ሰው በተሸነፈው ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ግን በሱቋ ፊት ሳልፍ፣ ከውስጥ የሚወጣውን የሴቶች ሣቅ ስሰማ፣ መንገድ እቀይራለሁ፤ በዚህኛው ደግሞ ሦስት መቶ እርምጃ ይረዝማል። ደሞዝ ነበረኝ፣ መጻሕፍት ነበሩኝ፣ የራሴ ቤት በር ቁልፍ ነበረኝ። እንደ እሷ የሚያስቀኝ ሰው ግን አልነበረኝም። ጡረታ ወጥቼ ቁስቋም ከገባሁም በኋላ ስንት ዓመት ሸሸኋት።

አምና በኅዳር፣ የቁስቋም ዕለት፣ ከቤተ መንግሥቱ ፍራሽ ግንብ ሥር ጥላ ፈልጌ ስቀመጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ነጭ ለባሽ አሮጊት ዞር ብላ «እትዬ አስካለ!» አለች። ጥርሷ ሁለት ቀርቷል። ሳቋ ሙሉው አለ።

ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ሚስተር ቫርጊስ ተጨዋወትን። ላልናገር ስታገል ቆየሁና አልቻልኩም። «መንበረ፣ ያን ዓርብ ‹አሁን ነው የገባኝ› ያልኩት ውሸት ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«የክፍል አለቃ አልነበርኩም? ያን ለት ከሰዓት ደብተር ሰብስቤ ለሚስተር ስወስድ ያንቺ ተገልጦ አየሁት። ረቡዕ ይላል። ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል፣ እንዳንቺው ነው» ብላ ጭኔን መታ አደረገችኝ።

«ስም ከመጠራቱ በፊት? ምነው ታዲያ አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ ልናገር? ቁጥሩ ልክ ነበር። እኔ ሰኞ ዋሸሁ፣ አንቺ ዓርብ ዋሸሽ፤ ያንቺ ግን ልኩን ነገር ይዞ ነበር። ደግሞ ያ ባለ በቅሎው ሰውዬ ነበረብሽ፤ አክስትሽ ለእናቴ ነግራታለች።»

ምእመኑ ታቦቱን አጅቦ በፊታችን ሲያልፍ ተነሥተን ቆምን። እልልታው እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

«አላዘንሽም?» አልኳት።

«እንዴት አላዝንም! ሦስት ቀን አለቀስኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የእኅቴ ሰርግ ደረሰ፤ ሥራ በዛብኝ።»

ሦስት ቀን። ቀሚሷን አራግፋ ወደ ሴቶቹ መሀል ስትገባ ከኋላዋ እያየሁ ቆጠርኩት፤ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ማክሰኞ ጧት ተነሥታ ፊቷን ታጥባ ወደ ሰርጉ ሄዳለች። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የተሸከምኩትን እሷ በሦስት ቀን ጨርሳ አራግፋው ነበር፤ በዚያም ቀናሁባት።